የያርጋል አፍንጫ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ሰው የያርጋልን መኪና ሳያውቅ አይቀርም። ሠላሳ ሰው የምትጭን ያረጀች አይሱዙ ናት። አገሩ እንዲህ ያለችዋን መኪና "ቅጥቅጥ" ይላታል፤ የተሳፈረባት ሰው ወገብም ለምን እንደተባለች ያውቃል። ከሌሎቹ የምትለየው ግን በዚህ አይደለም። ከተማው አልቆ፣ የገብሱም ማሳ አልቆ፣ መሬቱ ከፊት ድንገት ሲጎድልና ገደሉ ወለል ብሎ ሲታይ፣ ያርጋል ጥግ ይይዝና ሞተሩን ያጠፋል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ይመለስና በወንበሮቹ መካከል ቆሞ፣ "በሉ እንግዲህ፣ አንድ በአንድ" ይላል።

ተሳፋሪው የሚጠበቅበትን ያውቃል። እያንዳንዱ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ፣ አፉን ሞልቶ "እግዚአብሔር በሰላም ያግባን" ማለት አለበት። ያርጋል ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፤ "አሜን" ይላል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ "እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሾፌር ነው!" እያለ ይደነቃል። መንፈሳዊነቱስ አይካድም፤ ነገር ግን ያርጋል የሚያዳምጠው በአፍንጫው ነው። አረቄ የቀመሰ ሰው "እግዚአብሔር" ብሎ ሳይጨርስ ተይዟል።

የተያዘ ሰው አይሰደብም፣ አይመታም። "ዋስ አለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ከተሳፋሪው መካከል "እኔ አውቀዋለሁ፣ ከጎኔ አስቀምጬ እጁን እይዛለሁ" የሚል ከተነሣለት ይሄዳል። ዋስ ያጣ ግን የከፈለው ተመልሶለት እዚያው አፋፉ ላይ ይወርዳል፤ በማግስቱም በነጻ ይሳፈራል። ስንቱ ለምኖታል! "ብርዱ ነው ጋሼ"፣ "ሆዴን ነፍቶኝ ነው"፣ "የጥርስ መድኃኒት ነው"። አንዱማ ከመኪናው ላለመውረድ ሲል በአንድ ዓመት ውስጥ እናቱን ሦስት ጊዜ ገድሏል። ያርጋል ሁሉንም ሰምቶ "ነገ ና" ይል ነበር።

ይህን ልማድ ያመጣው ያለ ነገር አልነበረም። ያርጋል የዳባት ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ በጭነት መኪና ላይ ሥራ ለምዶ፣ ከሰላሳ ዓመቱ ጀምሮ ሰው ሲጭን ኖረ። ያኔ እንደ ሌላው ሾፌር ነበር፤ ሰው ቢጠጣም ባይጠጣም ግድ አይሰጠውም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ ከዳባት ዛሪማ ሙሽራ ሊያመጡ የሚወርዱ ሚዜዎችን ጫነ። ጠላው በጀሪካን፣ አረቄው በጠርሙስ ከእነሱ ጋር ተሳፈረ። "ሠርግ ነው፤ በሠርግ ማን ይከለከላል?" አለና እሱም አብሯቸው አጨበጨበ። እንግዳው የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ "አየር ልቀበል" ብሎ በሩን ከፈተ። በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ ገላውን ወደ ውጭ አውጥቶ ለገደሉ ይዘፍንለት ጀመር። መታጠፊያው ላይ እጁ ለቀቀ።

ያርጋል መኪናዋን ሲያቆም ከኋላ የተቀመጡት ገና አላወቁም ነበር። ዘፈኑ ጥቂት ጊዜ ቀጠለ፤ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ልጁን በቃሬዛ ወደ መንገዱ እስኪያወጡት ፀሐይ ዘቀዘቀች። ዳባት ሲደርሱ የእንግዳው እናት መጥታ ከመኪናው በር ፊት ቆመች። አላለቀሰችም። ያርጋልን ትኩር ብላ እያየች "ልጄን የት ጣልከው?" አለችው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ደም የለበትም ተባለ፤ ቤተ ሰቡም ይቅር አለው። እሱ ግን ያቺን ጥያቄ ተሸክሞ ቀረ። እህል ሲቀርብለት ትመጣበታለች፣ መሪ ሲጨብጥ ትመጣበታለች። በመጨረሻ "ከእንግዲህ ማንም እናት ይህን አትጠይቀኝም" ብሎ ማለ። የአፋፉ ልማድ የመጣው ከዚያ መሐላ ነው።

አንድ ጊዜ ዓለምብርሃን የሚባል የደባርቅ አስጎብኚ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ ተሳፈረ። ፈረንጁ የትንፋሹን ነገር ሲያይ ሳቀና በአስተርጓሚ ማውራት ጀመረ። ለብዙ ዓመት ለመዝናኛ ሰው በሚጭን ትልቅ መርከብ ላይ መጠጥ ሲቀዳ ኖሯል። በመርከቡ ላይ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል፤ ይሰዳደባል፣ ይደባደባል፣ የዳሩን ብረት እየተንጠላጠለ ይዘፍናል፤ አንዳንዱም ወደ ባሕሩ ይወድቃል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ ያርጋል ብቻ አልሳቀም።

"ሰው ሲወድቅ መርከቡ ይመለሳል ወይ በለው" አለ።

ዓለምብርሃን ጠየቀው። "ይመለሳል፣ ዞሮ ይፈልጋል ነው የሚልህ። ብዙ ጊዜ ግን አያገኙትም ይላል።"

"ቢያንስ መዞሪያ አላቸው" አለ ያርጋል። "ሊማሊሞ ላይ መዞሪያ የለም።"

እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳይወድቅበት ወረደ፣ ወጣ። ስሙም ገነነ። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያሳፍሩ "በያርጋል መኪና ከሆነስ ይሁን" ይላሉ። "የያርጋል አፍንጫ አይሳሳትም" የሚባል አነጋገር እስከ በየዳ ወረዳ ድረስ ተሰማ። መሳሳቱ የመጣው ይህን እሱም ራሱ ያመነ ቀን ነው። ሰው በተመሰገነበት ነገር ነው የሚሰናከለው፤ በማይችለውማ መቼ ይደፍርና!

ያ ቀን ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ገደሉ ሁሉ አረንጓዴ የለበሰበት ጊዜ። ከተሳፈሩት መካከል ደርቤ ነበር። ደርቤ የዛሪማ ተወላጅ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ድንጋይ እየጠረበ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ነው። የቀድሞ ታሪኩን መደበቅ አንችልም፤ ሰካራም ነበር። ከአረቄ ቤት በሸክም ያልወጣበት ሳምንት አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን እናቱ እማማ እናናዬ ከዛሪማ ድረስ ወጥተው፣ ልጃቸውን በእጁ ይዘው ወስደው ከንስሐ አባታቸው ከአባ ሕሩይ እግር ሥር አንበረከኩት። አባ ሕሩይ መስቀላቸውን አናቱ ላይ አድርገው የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ እንዳይገኝ ገዘቱት። ከዚያ ወዲህ ደርቤ አልጠጣም። ከተማው ግን ያየው ሲጠጣ እንጂ ሲተው አልነበረምና፣ ስሙ ሲነሣ ሰው መሳቁን አልተወም።

የዚያን ቀን ጠዋት እህቱ እሌኒ ከዛሪማ ደውላ ነበር። "እማዬ ዛሬ ነገ ናት፤ ስምህን እየጠራች ነው፤ ሳልመርቀው አልሞትም ትላለች" አለችው። ደርቤ በዚህ ላይ ጥርሱን ካመመው ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ግማሽ ፊቱ አብጧል። የቤት አከራዩ አዝነውለት ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በአረቄ በጠበጡና "ጉንጭህ ውስጥ ያዘው፤ እንዳትውጠው፣ ትፋው" አሉት። ያዘው፤ ተፋው። የተተፋ አልተጠጣም ብሎ፣ ግዝቱንም እንዳላፈረሰ አምኖ፣ ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። አረቄ ግን ቢተፉትም ትንፋሽ ላይ ይቀራል።

ከፊተኛው ወንበር ላይ ደግሞ አባ ሕሩይ ራሳቸው ተቀምጠው ነበር። ደባርቅ ተዝካር ተጠርተው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲባርኩና ሲቀዳላቸው ውለው ወደ ደብራቸው ወደ ዛሪማ መመለሳቸው ነው።

አፋፉ ላይ መኪናዋ ቆመች። ያርጋል መጀመሪያ ወደ አባ ሕሩይ ጎንበስ አለ። እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አድርሰው "ያግባን ልጄ፣ ያግባን" አሉ። የጌሾው ሽታ በነጠላው ውስጥ አልፎ መጣ። ያርጋል ለየው። ግን ምን ሊያደርግ ነው? ቄስ ናቸው፤ ደግሞስ የተዝካር ጠላ ጠበል እንጂ መጠጥ ነው ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? መስቀላቸውን ተሳልሞ "አሜን" አለና አለፈ።

አምስተኛው ወንበር ላይ ደረሰ።

"እግዚአብሔር በሰላም ያግባን" አለ ደርቤ። ያበጠው ጉንጩ ቃሉን አሰረውና አፉ ውስጥ ተልጎመጎመ።

ያርጋል ቀና አለ። "ደርቤ፣ ጠጥተሃል።"

"አልጠጣሁም ጋሼ። ጥርሴን አሞኝ ነው። አረቄ ያዝበት ብለውኝ፣ ይዤ ተፋሁት። በማርያም አልዋጥኩም።"

"የደርቤ ጥርስ እኮ ከጥንትም ሕመምተኛ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። መኪናው በሳቅ ተናጋ።

"ጋሼ ያርጋል፣ እናቴ እየሞተች ነው። ልትመርቀኝ እየጠበቀችኝ ነው። ዛሬ ካልደረስኩ አላገኛትም።"

ያርጋል ለአንድ አፍታ አመነታ። ሻርፑን ግለጠው፣ ጉንጭህን ልየው ቢለው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ባበቃ ነበር። ግን ጥርሱንም እናቱንም ከስንት ሰው ሰምቷል። አፍንጫው ደግሞ እርግጡን ነግሮታል።

"ዋስ አለህ?" አለው።

ደርቤ ከወንበሩ ተነሣና ወደ ፊት ተመለከተ። "አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። የተገዘትኩት በእርስዎ መስቀል ነው። ዋስ ይሁኑኝ።"

ሁሉም የአባ ሕሩይን ጀርባ ያያል። ደርቤ እንዳልጠጣ ይማሉ ቢባሉ ሊምሉለት የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ በየወሩ ሲናዘዝላቸው ኖሯል። ነገር ግን ለመመስከር መዞር አለባቸው፤ ሲዞሩም ነጠላውን ከአፋቸው ማውረድ አለባቸው። ያ ሁሉ ሰው ባለበት የራሳቸው ጠረን ሊወጣ ነው። አልዞሩም። እንዲያውም ነጠላውን ትንሽ ከፍ አደረጉት።

"የእሳቸውስ?" አለ ደርቤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእሳቸውን ትንፋሽ ምን አልከው ጋሼ?"

ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ። "ኧረ ድፍረት!" አለች አንዲት ሴት። "ቄስን! ሰክሮ ቄስን!" የሚል ማጉረምረም ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ያርጋልም ደሙ ፈላ፤ የፈላው ግን እውነቱ ስለነካው ነበር።

"ውረድ" አለ።

ደርቤ ወረደ። የመለሱለትን ብር አልተቀበለም፤ ድንጋዩ ላይ ትተውለት ሄዱ። የመጀመሪያው መታጠፊያ እስኪሸፍነው ድረስ ያርጋል በመስታወቱ አየው። ሻርፑን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሚግጡበት ሣር ዳር ቆሞ ነበር።

ዛሪማ ሲደርሱ እሌኒ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። የዛሪማ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ አየች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ መስኮት መጣች።

"ወንድሜን የት ጣልከው?" አለች።

ያርጋል ደነገጠ። ያቺው ጥያቄ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሸሻት። ደህና ነው፣ ነገ ይመጣል ቢላት ይበቃ ነበር። የደነገጠ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያድነው ራሱን ነው። "ምን ላድርግ እቴ፣ ጠጥቶ መጣ። አፋፉ ላይ አወረድኩት። ነገ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ" አለ።

"ጠጥቶ?" አለች እሌኒ። "ደርቤ?"

"ጠጥቶ፤ ያውም ቄስ ሰደበ" አሉ በመኪናው ውስጥ የቀሩት የአዲ አርቃይ ተሳፋሪዎች። እሌኒ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። አባ ሕሩይ በሰዎቹ ጀርባ አልፈው፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱና ተኙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያርጋል ይህን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በዕለቱ ግን አላስታወሰውም፤ ወደ አዲ አርቃይ ነዳ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሲመለስ ዛሪማ መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ አገኘ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሕዝብ ነው። ያርጋል ፍሬን ያዘ። ከሕዝቡ መካከል እሌኒ ወጣች፤ ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

"ደርቤስ ስትለኝ ምን ልበላት? ጠጥቶ ከመኪና አወረዱት አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጎህ ሳይቀድ ሞተች" አለችው።

ከኋላዋ ደርቤ ቆሟል። በድሮው የበቅሎ መንገድ በእግሩ ወርዶ፣ ጉልበቱ ቆስሎ፣ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሻርፑ የለም። አንድ ዓይኑ እስኪከደን ጉንጩ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። ወደ መስኮቱ ቀረበ።

"አሁን አሽተኝ ጋሼ" አለ።

ያርጋል አላሸተተም፤ ማሽተትም አላስፈለገውም። ትናንት ከአረቄው ሥር የነበረው የመግል ሽታ እስከ እሱ ድረስ መጣ። ያ አፍንጫ አረቄውን ለይቶ ሕመሙን ስቶ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሰው ላለመጣል ሲጠነቀቅ ኖሮ፣ ሰውን ከገደል ሳይሆን ከእናቱ ልብ ላይ ጣለ። ይህንን ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ነው የተረዳው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም የደርቤን ጥርስ ነቀለለት፤ ወስዶ ያሳከመው ያርጋል ነው።

የእማማ እናናዬ አርባ ሲወጣ ያርጋል መኪናውን አቁሞ ወደ ተዝካሩ ሄደ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ደርቤ ማንቆርቆሪያ ይዞ ለእንግዳው ሁሉ ጠላ ይቀዳል፤ እሱ ራሱ አይቀምስም። ያርጋል መካከል ላይ ቆመና ቆቡን አወለቀ።

"ወገኖቼ፣ ስሙኝ። በዚያ ቀን ይህ ሰው አልጠጣም ነበር። ጠጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ቃሌን ይዛችሁ ያወራችሁት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ኃጢአቱም የእኔ ነው" አለ።

አባ ሕሩይ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "የእኔም ነው" አሉ። "በዚያ መኪና ውስጥ የሰከረ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ። መስክር ሲለኝ አፌን ሸፈንኩ። ለሟቿ ሄጄ መናገር ሲገባኝ ተኛሁ፤ የነቃሁት ለፍትሐት ስጠራ ነው።" ከዚያ ወደ ደርቤ ዞረው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "ይኸው ዛሬ እውነቱ ወጣልህ ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉት።

ደርቤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አያቸው። በድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

"ልክ ነው አባ። እያደር ይጠራል" አለ። "እናቴ ግን አላደረችም።"

ጎንበስ ብሎም ለሚቀጥለው ሰው ቀዳ።

ያርጋል ዛሬም ይነዳል፤ አፋፉ ላይም ይቆማል። "አንድ በአንድ" ማለቱን አልተወም። ቄስም ሆነ ሹም ነጠላውን ከአፉ ሳያወርድ አያልፍም፤ አባ ሕሩይማ ገና ሳይጠየቁ ያወርዳሉ። ዋስ ያጣ ግን አይወርድም። "ዋሱ እኔ ነኝ" ይልና ሁለት ያልጠጡ ሰዎች መካከል አስቀምጦ፣ ቀበቶውን ራሱ አስሮለት፣ ከወትሮው ቀስ ብሎ ይነዳል። "አፍንጫው ፈዘዘ፣ አረጀ" የሚሉት አሉ።

ደርቤ በየወሩ እናቱ የሞተችበት ዕለት ሲደርስ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ የሚሳፈረውም በያርጋል መኪና ነው። ሁልጊዜ አምስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያርጋል እዚያ ሲደርስ ዓይኑን ሰብሮ ሊያልፈው ይሞክራል። ደርቤ ግን እጅጌውን ይይዘዋል፤ ጎንበስ እስኪል ይጠብቀዋል። ከዚያ አፉን ወደ ፊቱ አቅርቦ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ ቀስ ብሎ "እግዚአብሔር በሰላም ያግባን" ይለዋል።

"አሜን" ይላል ያርጋል፤ እጅጌው እስኪለቀቅለትም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።